ጓሳ ለማደር ምን እንያዝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በታኅሣሥ ከጓደኞቼ ጋር መንዝ ጓሳ ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ምን እንያዝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ከስንቁ በፊት ብርዱን አስቡ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የቀኑ ፀሐይ እንዳያታልላችሁ፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ብርዱ የሚገባው ደግሞ ከመሬት ነው። እኔ ከብርድ ልብስ ይልቅ ለወፍራም ስፖንጅ ነው የማደላው። ካልሲ ደርቡ። አንዱን ጥንድ በፌስታል ቋጥራችሁ ለመኝታ ብቻ አስቀምጡት፤ በረጠበ ካልሲ የተኛ እንቅልፍ አያገኝም። ለስንቅ በሶና ቆሎ ይበቃል፣ ስኳሩን አትርሱ እንጂ። ማገዶ ከዚያ አትልቀሙ፤ ሕዝቡ ለዘመናት የጠበቀው ቦታ ነው። ቡታጋዝ ያዙ። ውሻማ በፍጹም! የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይፈጃል።