ሽፍታ ያባረረው ሰው ስደተኛ ነው?

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚህ ዓምድ፣ የሜክሲኮንና የመካከለኛው አሜሪካን የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ሸሽተው የአሜሪካን ድንበር ስለሚያንኳኩ ቤተሰቦች ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ጥቂት ያደረግሁት ጉዳዩ ለባሕር ዳር ሰው ሩቅ ይሆናል ብዬ ነው። ደብዳቤዎቹ አሳፈሩኝ። ከጻፉልኝ አንዱ ታፓቹላ የምትባለውን የሜክሲኮ ከተማ መንገዶች እኔ የጊዮርጊስን አደባባይ ከማውቀው በላይ ያውቃቸዋል፤ ወንድሙ እየደወለ ይነግረዋል። በእሱ እንጀምር።

«ወንድሜ በብራዚል ገብቶ፣ ኮሎምቢያንና ፓናማን አቋርጦ ታፓቹላ ደርሷል። አብሮት ወረፋ የሚጠብቅ የሆንዱራስ ዳቦ ጋጋሪ አለ። ወሮበሎች በየሳምንቱ ገንዘብ አምጣ ይሉታል፤ አንድ ሳምንት ሲያጣ ልጅህን እንገድላለን አሉት። አሁን ደግሞ ሌሎች ሰዎች ‹አንተ በሕጉ ስደተኛ አይደለህም ይሉሃል› ብለው ያስፈራሩታል። እንዲህ ያለው ሰው ስደተኛ ካልሆነ ማን ነው?» — ከሽምብጥ

ያስፈራሩት ሰዎች ሕጉን ሳያውቁ አይቀሩም። የዓለም የስደተኞች ስምምነት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። የጻፉት ሰዎች በዐይናቸው ፊት የነበረው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ መንግሥት ራሱ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ ያሳደደው ሰው። ስለዚህ አምስት ምክንያቶች አስቀመጡ፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት እና የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል መሆን። ዳኛው ዳቦ ጋጋሪውን «ብትመለስ ትገደላለህ ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቀውም። «ለምን ትገደላለህ?» ይለዋል። «ገንዘብ አለው ብለው» ካለ መልሱ ከአምስቱ ውስጥ የለም። የተረፈ ዱቄት የሌለው ሰው ሀብታም ተብሎ ሊሞት ነው፤ ሕጉ ግን ይህን ተራ ወንጀል ይለዋል።

ጠበቆች ታዲያ አምስተኛውን ምክንያት ይዘው ይታገላሉ። «ቤተሰቡ ራሱ አንድ ማኅበራዊ ቡድን ነው» ይላሉ፤ «በወሮበሎች ላይ የመሰከሩ ሰዎች ቡድን ናቸው» ይላሉ። አንዳንዱ ዳኛ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጄፍ ሴሽንስ፣ ከወሮበላ ቡድን ወይም ከባል ጥቃት የሚሸሽ ሰው በአብዛኛው ጥገኝነት እንደማያገኝ ወሰኑ። በ2021 ከእሳቸው በኋላ በዚያው ወንበር የተቀመጡት ሜሪክ ጋርላንድ ውሳኔውን ሻሩት። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዕድል በዋሽንግተን ወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው ይወሰናል ማለት ነው። ለወንድምህ ንገረው፦ ዳቦ ጋጋሪው «ዛቱብኝ» ብሎ ብቻ እንዳያቆም። ለፖሊስ አመልክቶ ከነበረ፣ ፖሊስ ምን እንዳለው፣ ከዘመዱ ማን እንደተገደለ፣ ቀኑን ጭምር ይናገር። መንግሥቱ ሊጠብቀው አለመቻሉን ማሳየት የጉዳዩ ግማሽ ነው።

«እኛ ጌታ ከእናቱ ጋር ተሰድዶ ሦስት ወር በጣና ቂርቆስ አርፎባታል የምትባል ምድር ልጆች ነን። እንግዳ ለመቀበል የፈረንጅ ወረቀት ለምን ያስፈልገናል?» — ከዘጌ፣ አንድ አባት

አባቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ረጅም ጊዜ አሰብሁበት። እስቲ ያችን ቤተሰብ በ1951ዱ ወረቀት እንመዝናት። ሄሮድስ የፈለገው «ንጉሥ ይሆናል» የተባለውን ሕፃን ነው። ነገሩ የሥልጣን ነው፤ ፖለቲካ ነው። ዮሴፍና ማርያም በቀላሉ ያልፋሉ። የቀሩት የቤተልሔም እናቶችስ? ንጉሡ አያውቃቸውም፣ አይጠላቸውም። ሰይፉ የሚመጣባቸው ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በታች የሆነው ልጅ ስላላቸውና በዚያ ሰፈር ስለሚኖሩ ብቻ ነው። ከእነሱ አንዷ ሸሽታ ግብፅ ብትደርስ፣ ጥብቅ ዳኛ «አንቺን ለይቶ ያሳደደሽ የለም» ሊላት ይችል ነበር። የሜክሲኮና የሆንዱራስ ስደተኛ በአብዛኛው እንደ ማርያም ሳይሆን እንደ ጎረቤቷ ነው።

ይህን ቀዳዳ የደፈነው ወረቀት ደግሞ የፈረንጅ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የጸደቀው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አምስቱን ምክንያቶች እንዳሉ ተቀብሎ ሌላ ጨመረበት፦ ከውጭ ወረራ፣ ከባዕድ አገዛዝ ወይም የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ከሚያናጋ ሁኔታ የሸሸ ሰውም ስደተኛ ነው። «ለምን አንተን?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የላቲን አሜሪካ አገሮች ኮሎምቢያ ውስጥ ካርታኼና ከተማ ላይ ተሰብስበው ተመሳሳይ መግለጫ አወጡ፤ «በሁሉም ላይ የወረደ ዓመፅ» የሚለውንም በግልጽ ጻፉት። ሜክሲኮ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕጓ ውስጥ አስገብታዋለች። አሜሪካ አላስገባችም። የእኛ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የአፍሪካውን ትርጉም ይዟል፤ ስደተኛ ሥራ እንዲሠራ፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት፣ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣም ይፈቅዳል።

በቅርቡ ጣና ዳር ቆሮሶ ጥብስ ስበላ ከአጠገቤ አንድ የኦምዱርማን ሰው ተቀምጦ ነበር። የዓሣውን አጥንት አንድ በአንድ እያወጣ በሳህኑ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይደረድራል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አቅጣጫ በአገጩ አሳየኝና «ይህ ውኃ ሰፈሬ ድረስ ይሄዳል፤ እኔ ነኝ መሄድ ያልቻልኩት» አለኝ። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ በመተማ የገባ ነው። ማንም «ለምን አንተን?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ከተማው በመድፍ ሲደበደብ የሸሸ ሰው መሆኑ በቂ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ብቻ እንዳናመሰግን፣ አባቴ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ አንድ ሺህ ያህል ሱዳናውያን ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ «ተዘረፍን፣ ተጠቃን» ብለው መጠለያውን ጥለው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፍረው ነበር። በር መክፈቱ የሚያኮራ ነው። የገባው ሰው ሌሊት ተኝቶ ካላደረ ግን ስምምነቱ የጸደቀው አዲስ አበባ መሆኑ ምን ይጠቅመዋል?

«ድንበር ለስደተኛ ሲከፈት ወንጀለኛውም አብሮ ይገባል። ይህን ለምን አትጽፍም?» — ከፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

እጽፋለሁ። የሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ኋሬዝና የአሜሪካዋ ኤል ፓሶ በአንድ ወንዝ ይለያያሉ፤ ድልድዩን በእግር ተሻግረህ ለምሳ መድረስ ትችላለህ። የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ጦሩን ካርቴል በሚባሉት የዕፅ ነጋዴ ቡድኖች ላይ ካዘመቱ በኋላ ኋሬዝ የሲኦል ደጅ ሆነች። በ2010 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው ተገደለባት። ሀብታሙም ድኻውም፣ ባለ ሱቁም ጋዜጠኛውም ወደ ኤል ፓሶ ጎረፈ። በዚያው ዓመት ኤል ፓሶ ውስጥ የተገደለው አምስት ሰው ነው። ሬሳ ያየ ሰው ሬሳ ይዞ አይሻገርም።

ፍርሃትህን ግን አልንቀውም። ከተሰደዱት መካከል ገዳይ ሊኖር ይችላል። ለዚህም የ1951ዱ ስምምነት ራሱ መዝጊያ አለው፤ ከመግባቱ በፊት ከባድ ወንጀል የፈጸመ ሰው ጥገኝነት አይሰጠውም። ይህን ለመለየት ግን ሰውየውን አስቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል። አጥሩን ብቻ ከፍ ብታደርግ ዳቦ ጋጋሪው ይቀራል፤ ካርቴሉ መሰላልም መሿለኪያም የሚገዛበት ገንዘብ አለው። ዕፁን በተመለከተም፣ ፈንታኒል በሚባለው ገዳይ ዕፅ ዝውውር በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚፈረድባቸው አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ፓስፖርት ያለው ሾፌር በሕጋዊው በር ያልፋል።

«የሰው አገር ሽፍታ ለምን የአሜሪካ ዕዳ ይሆናል? ጎረቤቴ ልጁን መቅጣት ካቃተው እኔ ምን አገባኝ?» — ከሐሙሲት፣ ነጋዴ

የጎረቤትህን ልጅ ያሳደግኸው አንተ ከሆንህ ያገባሃል። ማራ ሳልቫትሩቻ የሚባለው በሆንዱራስና በኤል ሳልቫዶር ሰው የሚያስገብር ቡድን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ነው። አባላቱ ጦርነት የሸሹ የኤል ሳልቫዶር ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ከእስር ቤት እያወጣች አባረረቻቸው፤ እነሱም የጎዳና ትምህርታቸውን ይዘው ፖሊሷ ከጦርነት ገና ወዳላገገመች አገር ገቡ።

አንተ ነጋዴ ነህና የገበያውን ነገር እኔ አልነግርህም። ገዢ ከሌለ ሻጭ የለም፤ የሜክሲኮ ካርቴሎች ትልቁ ገዢ ከወንዙ ማዶ ነው። መሣሪያውም ከዚያው ይመጣል። በሜክሲኮ አንድ ዜጋ በሕግ ጠመንጃ የሚገዛው ጦሩ ከሚያስተዳድራቸው በጣት ከሚቆጠሩ መደብሮች ብቻ ነው፤ ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት ተቋም እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2018 በሜክሲኮ ተይዘው ምንጫቸው ከተፈተሸው መሣሪያዎች 70 በመቶው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ሜክሲኮ በ2021 የአሜሪካን ጠመንጃ አምራቾች ከሰሰች፤ በሰኔ 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ጉዳዩን ዘጋባት። ጥይቱ ወደ ደቡብ ሲሄድ ድንበር የለም፤ ጥይቱን የሸሸው ሰው ወደ ሰሜን ሲመጣ ነው ድንበሩ የሚታየው።

«ጉዳያቸው እስኪታይ እዚያው ሜክሲኮ ቢጠብቁስ?» — ከግሽ ዓባይ

ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 ጀምሮ አሜሪካ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሜክሲኮ የድንበር ከተሞች እየመለሰች ቀጠሮ ሰጠች። በሜክሲኮዋ ማታሞሮስ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ድንኳን ተተከለ፤ አጋቾች ደግሞ ቀጠሮ ጠባቂ የት እንደሚያድር ያውቃሉ። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ቤዛ የሚከፈልበት ዕቃ ሆነ። ከጅብ የሸሸን ሰው «እስክንመክርበት ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠብቅ» ማለት ነው።

«ሁሉንም ትተቻለህ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» — ስሙን ያልጻፈ

ተገቢ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ፣ ሞት የሚጠብቀውን ማንንም አልመልስም፤ ይህ ከአምስቱ ምክንያቶች በፊት የሚመጣ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ኮሎምቢያ ያደረገችውን አደርጋለሁ። ኮሎምቢያ ራሷ የዕፅ ጦርነት ያደቀቃት፣ ሚሊዮኖች የተፈናቀሉባት አገር ናት። ሆኖም በ2021 ከቬኔዝዌላ ለተሰደዱ ሰዎች የ10 ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ አወጀች፤ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መታወቂያ ይዞ በሕግ እንዲሠራ። ጊዜያዊ ነው፣ ግን ሰው በ10 ዓመት ልጅ ያስተምራል፣ ግብር ይከፍላል። የተመዘገበ ሰው ደግሞ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ከአጥር ይልቅ ይህ ነው ፖሊስን የሚጠቅመው።

ሦስተኛው ደስ አይልም። ሥራ ፍለጋ ብቻ የመጣውን ሰው ጉዳዩን በወራት አይቼ እመልሰዋለሁ። አራት ዓመት ወረፋ ላይ አቆይቶ፣ ልጅ ከወለደ በኋላ «ውጣ» ማለት ከሁሉም ይብሳል። የእኛ ቋንቋ ሁሉንም «ስደተኛ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ልብ ያለው ቃል ነው፣ ግን ዳኛ ፊት አያስኬድም። እስከ ዛሬ «ጥገኝነት ጠያቂ» ስንል አፋችን ላይ እንደ ድንጋይ የሚከብደን ለዚህ ይሆናል።

«ልጄ፣ የመጨረሻው ወንድ ልጄ ‹መሬቱን ሸጣችሁ በብራዚል በኩል አሜሪካ ላኩኝ› ብሎ ቤቱን ረብሾታል። ደላላው መንገዱ የታወቀ ነው ይላል። ምን ትመክረኛለህ?» — ከዓባይ ማዶ፣ አንዲት እናት

እናቴ፣ መንገዱ የታወቀ መሆኑ እውነት ነው። በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ዳሪየን የሚባል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና የማይሄድበት ጫካና ረግረግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በእግሩ አቋርጦታል፤ በጎርፍ የተወሰዱት፣ የተዘረፉት፣ የተደፈሩት ብዙ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው በር ደግሞ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካ መንግሥት በስልክ የሚያዘውን የድንበር ቀጠሮ በአንድ ቀን ሰረዘው፤ ለወራት ሜክሲኮ ውስጥ ተራ የጠበቁ ሰዎች ስልካቸውን ሲከፍቱ ቀጠሮው ጠፍቶ አገኙት። ደላላው የሚያወራው ያ ቀጠሮ ሳይሰረዝ ስለነበረው ጊዜ ነው።

መሬቱን አይሽጡ። ልጅዎ ሕይወቱን የሚያሰጋው ነገር ካለ ለእርስዎ ይንገርዎት፤ ያን ጊዜ ሌላ ምክር እንመክራለን፣ ከዳሪየን የቀረበ አገርም አለ። ሥራ ማጣት ከሆነ ግን ዳኛው ፊት ምን ብሎ እንደሚናገር ዛሬውኑ በወረቀት ይጻፍልዎት። ወረቀቱን ይላኩልኝና እኔም እንደ ዳኛ ሆኜ ላንብበው።