አዲስ አበባ ሰው ሳይኖረኝ የፊልም ድርሰቴን ማን ያነብልኛል?

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ በነርስነት የምሠራ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ሌሊት ተረኛ በምሆንባቸው ቀናት በማገኛት ክፍት ሰዓት ሁለት ዓመት ደክሜ ባለ 118 ገጽ የፊልም ድርሰት ጨርሻለሁ፤ ጥቂት ገጾቹንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። የቴአትር ትምህርት አልተማርኩም፤ በሙያው ውስጥ ያለ ዘመድም ወዳጅም የለኝም። ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ብገባ ይሻላል? ድርሰቴን ለማላውቀው ፕሮዲዩሰር ብልክስ ይሰረቅብኝ ይሆን?

መልስ፦ ሥራዎን አይልቀቁ። የደራሲ ክፍያ ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ የሚፈጸም በመሆኑ ቀረጻው ሲዘገይ ቀሪው ገንዘብም አብሮ ይዘገያል፤ የቤት ኪራዩን የሚሸፍን ደመወዝ ያለው ጀማሪ ደግሞ የማይረባ ውል ሲቀርብለት አልፈርምም ለማለት አቅም አለው።

ሰው ከሌለ አይሆንም የሚባለው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ምክንያቱን ግን በክፋት ብቻ አይተርጉሙት። ብዙው የአማርኛ ፊልም የሚሠራው ፕሮዲዩሰሩ ከራሱ ኪስና ከቅርብ ሰዎቹ ባሰባሰበው ገንዘብ ስለሆነ፣ ከከሰረ የሚደግፈው ስለማይኖር፣ ከዚህ በፊት ጽፎለት ቀረጻው በሰላም ያለቀለትን ደራሲ መልሶ ይጠራል። የማያውቀውን ሰው ድርሰት ሲገልጥም ታሪኩ ያምራል ወይ ከማለቱ በፊት፣ ይህን ባለኝ ገንዘብና ባለኝ ቀን መቅረጽ እችላለሁ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ገጽ 12ን በዚህ ዓይን እንየው። ሦስት መቶ ለቀስተኛ በዝናብ ውስጥ ቆሟል፤ መበለቲቱም «ያለፈ ትዳሯን እያሰበች ትጸጸታለች» ይላል። ለቀስተኛው ምሳና መጓጓዣ ይፈልጋል፤ ዝናቡ የውኃ ቦቴ ይፈልጋል፤ ጸጸቱ ደግሞ እንዲሁ በካሜራ አይታይም። ነገር ግን እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር አለ፦ ድንኳኑ ሲፈርስ የእድሩ ሰው አግዳሚ ወንበሮቹን ይቆጥራል። ትዕይንቱን ከዚያ ይጀምሩት። ሰውየው ቆጥሮ አንድ ይጎድልበታል፤ እንደገና ይቆጥራል፤ ቀና ሲል የጎደለው መበለቲቱ የተቀመጠችበት ሆኖ ያገኘዋል። ተነሺ ሊላት አይችልም፤ መዝገቡን ዘግቶ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ግቢ፣ የግማሽ ቀን ቀረጻ ነው፤ ሐዘኗንም ተመልካቹ ራሱ ያየዋል። ደብዳቤዎን ደግሜ እንዳነብ ያደረገችኝ ይህች መስመር ናት፤ እንዲህ የሚያስተውል ዓይን እያለዎት የቴአትር ትምህርት ቤት አለመግባትዎ አያስጨንቅዎት።

የገጹን ብዛት በተመለከተ፣ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው ልማድ ለእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ፊደል የወጣ ስለሆነ በአማርኛ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ምልልሱን ጮክ ብለው እያነበቡ በሰዓት ይለኩት።

ሲልኩ 118ቱንም ገጽ አይላኩ፤ የታሪኩን ጭብጥ በአንድ ገጽ፣ ከዚያም ዐሥር ያህል የተመረጡ ገጾች ይበቃሉ። ታዋቂውን ፕሮዲዩሰር ብቻ አይጠብቁ። አጫጭር ፊልም የሚሠሩ ጀማሪ ዳይሬክተሮች ድርሰት ይፈልጋሉ፤ በየሳምንቱ የሚተላለፉ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎችም ደራሲን ቶሎ የሚያደክሙ በመሆናቸው አንድ ክፍል በቀጠሮው ጽፎ የሚያደርስ ሰው ተመልሶ ይጠራል። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ደራሲያን የገቡት በዚህ በር ነው።

ስርቆትን መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በጀማሪነቴ በቃል ብቻ ተስማምቼ የሰጠሁት ድርሰት ስሜ ሳይጠቀስ ለእይታ ቀርቧል፤ በእጄ ወረቀት ስላልነበረኝ መከራከር አልቻልኩም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጽሑፍ ሥራን ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሳይመዘገብም ቢሆን ይጠብቃል፤ ጥበቃውም በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሐሳብን ግን አይጠብቅም። በሻይ ቤት ያወሩትን ታሪክ ሌላ ሰው በራሱ አገላለጽ ቢጽፈው ሕጉ ብዙ አይረዳዎትም፤ ስለዚህ ከማውራትዎ በፊት ጽፈው ይጨርሱ፣ የላኩበትን ቀን የሚያሳይ ኢሜይልም ያስቀሩ። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ከሁሉ ይልቅ የዚሁን አዋጅ አንድ አንቀጽ ልብ ይበሉ። ሰው አዝዞዎት ውል ገብተው የሚጽፉት ሥራ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ካልሰፈረ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ የአዛዡ ይሆናል። «ሐሳብ አለኝ፣ አንቺ ጻፊው» የሚል ሰው ሲመጣ ስምዎ በፊልሙ ላይ በደራሲነት የሚጠቀስበት ሁኔታ፣ የክፍያው መጠንና ቀን፣ ፊልሙ ወደ ተከታታይ ድራማ ቢለወጥ የሚኖርዎት ድርሻ ብዕር ከማንሣትዎ በፊት በጽሑፍ ይስፈር።

ለናሙና ከሚልኳቸው ገጾች የመጀመሪያው የአግዳሚ ወንበሩ ትዕይንት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ዝናቡን ግን ያውጡት።