«20 ኤም» 20 ሚሊዮን አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። አያቴ ድሬዳዋ ሼመንደፈር (ምድር ባቡር) ይሠሩ ነበር። ፈረንሳዊ አለቃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው የባሕር ሥዕል እስካሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ማዕበል አለ፣ በነፋስ የምትሄድ ጀልባ አለች፣ ከሩቅ ደግሞ የምታጨስ መርከብ ትታያለች። ፍሬሙን ሳይጨምር 73 በ50 ሴንቲ ነው። ታች በስተቀኝ የማይነበብ ፊርማ አለው። ከጀርባው እንጨቱ ላይ በላቲን ፊደል «20 ኤም» ይላል። አንድ የሰፈር ደላላ ይህን አይቶ «20 ሚሊዮን ማለት ነው» ብሎ ቤቱን አተራመሰው። እውነት ነው? ቢጫ ስላለ አጥበን ብንሸጠውስ? (የከዚራዋ ልጅ)

መልስ፦ አቦ፣ ደላላውን ቡና አጠጪውና ሸኚው። «20 ኤም» የሸራው መጠን ነው። ፈረንሳዮች የሥዕል ሸራን በቁጥርና በፊደል ይለያሉ፤ ኤፍ ለሰው ምስል፣ ፒ ለመልክዓ ምድር፣ ኤም ለባሕር። የ20 ቁጥር ሸራ ረጅሙ ጎን 73 ሴንቲ ነው። አጭሩ በኤፍ 60፣ በፒ 54፣ በኤም 50 ይሆናል። የላክሽው ልክ ቁጭ ብሏል። ይህ ከአያትሽ ታሪክ ጋር ይገጥማል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ምክንያቱም በዚህ ልክ የተሠራ ሸራ ዛሬም ይሸጣል።

አሁን ሥዕሉን ቀስ ብለሽ አውርጂና ጀርባውን በደንብ እዪ። ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ያፈጣል፣ ወሬው ያለው ግን ከኋላ ነው። ሸራው እንጨቱ ላይ የተያዘው በትንንሽ ሚስማር ነው ወይስ በስቴፕለር ሽቦ? ሽቦ ከሆነ ወይ ሥዕሉ ቅርብ ጊዜ ነው፣ ወይ አንድ ሰው በኋላ እንደገና ወጥሮታል። ጨርቁ ጠቁሯል? ማዕዘኖቹ ላይ ሸራውን ለመወጠር የሚገቡ ትንንሽ የእንጨት ሽብልቆች አሉ? ማኅተም ወይም የተለጠፈ ወረቀት ካለ እንዳትነቅዪው፣ ፎቶ አንሺው። «ሌፍራንክ» ወይም «ዊንሰር ኤንድ ኒውተን» የሚል ብታገኚ ሰዓሊው ነው ብለሽ እልል እንዳትዪ፤ ቀለምና ሸራ ሻጮች ናቸው። ግን ይጠቅማል። ዊንሰር ኤንድ ኒውተን ለንደን ውስጥ የተቋቋመው በ1832 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ማኅተሙ ያለበት ሸራ ከዚያ ሊቀድም አይችልም።

የምታጨሰው መርከብም ብዙ አትነግርሽም። ሥዕሉ የእንፋሎት መርከብ ከመጣ በኋላ መሠራቱን ብቻ ነው የምታሳየው፣ የድሮ መርከብ ደግሞ ዛሬም የሚስል አለ።

ፊርማውን በማጉያ መነጽር እዪው። የፊርማው ቀለም በሥዕሉ ስንጥቅ ውስጥ ፈስሶ ከገባ፣ ሥዕሉ አርጅቶ ከተሰነጠቀ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ጠርጥሪ። ሱቅ ውስጥ ብር የሚመረምሩባት ሰማያዊ መብራት አለች አይደል? እሷን ተዋሺና ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሪበት። የቆየ የሙጫ ቫርኒሽ ወደ አረንጓዴ ያበራል፣ በኋላ የተነካካ ቦታ ደግሞ ጠቆር ብሎ ይታያል። ፊርማው ብቻውን ጠቁሮ ከቫርኒሹ በላይ የተንሳፈፈ ከመሰለ ያው ነው፣ የኋላ ሥራ።

ዋጋውን በተመለከተ በደብዳቤ ቁጥር አልጠራልሽም። እርጅና ብቻውን ገንዘብ አያመጣም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የባሕር ሥዕል እንደ ጉድ ነው የተሳለው። ዋጋ የሚቆርጠው የሰዓሊው ስም ነው። ፊርማው ከተነበበ ስሙን ቤኔዚ በሚባለው የሰዓሊዎች መዝገብ ፈልጊ፣ ከዚያ የዚያው ሰው በመጠንም በይዘትም የሚቀራረቡ ሥራዎች በጨረታ በስንት እንደተሸጡ እዪ። የተሸጡበትን ነው ያልኩት። ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የሚለጥፈው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፣ አጫራቹም ከሽያጩ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። የውጭ አጫራቾች ብዙዎቹ የፊቱን፣ የጀርባውንና የፊርማውን ፎቶ ስትልኪላቸው ግምት በነፃ ይሰጣሉ። ሰዓሊው ካልታወቀ ግን የሳሎን ጌጥ በሚሸጥበት ዋጋ ነው የሚሄደው፣ ቅር እንዳይልሽ።

የአያትሽን ታሪክ አሁኑኑ ጻፊው። ማን ሰጣቸው፣ መቼ፣ የት ቢሮ ይሠሩ ነበር? ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ፈረንሳዊው አለቃ ከዚያ ወዲህ ባሉ ብዙ ዓመታት ውስጥ በአንዱ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ዓመቱን የሚያጠብ ወረቀት ያስፈልጋል። የሥራ መታወቂያቸው፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ የሚታይበት የቤተሰብ ፎቶ፣ ሁሉም ለገዢ ዋጋ አለው።

ማጠብ? በፍጹም! በሽንኩርት ፈትጉ፣ በድንች ጥረጉ፣ በአልኮል አብሱ የሚልሽን ሁሉ አትስሚ። ቢጫው አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ቫርኒሽ ነው፣ በባለሙያ እጅ ይነሳል፤ በቤት ሙከራ ግን ማዕበሉም አብሮ ይነሳል። አቧራውን በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፊለት፣ ቀለሙ የሚፈነቀል ከሆነ ደግሞ እሱንም ተዪው። የከሰዓቱ የድሬ ፀሐይ ከሚጠብሰው ግድግዳም አንሺው። ወደ ውጭ ልኮ መሸጥ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ቅርስ ባለስልጣንን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሐረር አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ የባሕር ሥዕል አየሁ። ስዳስሰው ሻካራ ነው። «መቶ ዓመት ያለፈው የዘይት ቀለም» ይለኛል። ልግዛ? (ከጁገል)

መልስ፦ ሻካራነቱ አይሸውድህ። ድሮም ሸራ ላይ እየታተሙ፣ የብሩሽ ምልክት እንዲመስል በመጫን የሚወጡ የሕትመት ሥዕሎች ነበሩ። በማጉያ ስታየው ትንንሽ ነጠብጣቦች ከታዩህ፣ ወይም ጉብጉቡ የማዕበሉን መስመር ሳይከተል ሌላ አቅጣጫ ከሄደ፣ ሕትመት ነው። ፍሬሙን ከወደድከው ግዛው፣ ክርክርህ ግን በፍሬም ዋጋ ይሁን።