መጀመሪያ ታክል፣ ራኒንግ ባክ ይቆየን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "ለአሜሪካ ፉትቦል አዲስ ነኝ፤ ቡድኔ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ነው። ኳርተርባክ ያለው ቡድን በድራፍት መጀመሪያ የትኛውን ቦታ ይሙላ? የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ራኒንግ ባክ ይላሉ" ብለሃል። እኔ ሜሪላንድ ከገባሁ ጀምሮ ይሄን ቡድን ስከታተል ኖሬያለሁ። በየኤፕሪሉ በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሰሞን፣ እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መልሴ ታክል ነው፦ ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ ከፊት ከሚጠብቁት አምስት ሰዎች መሃል በጥግ የሚቆመው። ጥሩ ታክሎች ካሉን ደግሞ የተጋጣሚን ኳርተርባክ አሳድዶ የሚጥል ሰው። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ራኒንግ ባክ በመጀመሪያው ዙር አልወስድም።

እኔም መጀመሪያ ላይ ዓይኔ ኳሱን ብቻ ነበር የሚከተለው። በእግር ኳስ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያያል? ያስተማረኝ ልጄ ነው። ሃይስኩል እያለ ኳርተርባኩን በሚጠብቀው መስመር ላይ ይጫወት ነበር፣ ከታክሉ ጎን የሚቆመው ጋርድ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ የቡድናቸው የግራ ታክል ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ወጣ። በቦታው አንድ ቀጭን ልጅ ገባ። ኳሱ ሦስት ጊዜ እንኳን ሳይጀመር ጉዱ ታየ። ልጁ አንሸራተተው፣ ከጎኑ አንድ ግዙፍ ጎረምሳ አለፈ፣ ኳርተርባኩ ደግሞ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ የሚቀበለውን ሰው ይፈልጋል። አላየውም። ድምፁ እኛ የተቀመጥንበት ድረስ ተሰማ። የኳርተርባኩ እናት ከእኔ ሁለት ወንበር አልፋ ነበር የተቀመጠችው፤ ተነስታ ስትሮጥ አሁንም ይታየኛል። ትከሻው ወልቆ ነበር።

በማግስቱ ቡና ተፈልቶ ሳለ ልጄን "ምንድን ነው የሆነው?" አልኩት። ረከቦቱ ላይ አምስት ስኒ በአንድ መስመር ደረደረ። ጀበናውን ከኋላቸው አስቀመጠ። "ጀበናው ኳርተርባክ ነው፣ ስኒዎቹ የእኛ መስመር" አለኝ። ከዚያ የጀበናውን አፍ ወደ ቀኝ አዞረው። "በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው። ጀርባው ወደ የት ነው?" ወደ ግራ። በግራ ጥግ ያለችውን ስኒ አነሳት። ጀበናው ባዶውን ቀረ። እናቱ "ስኒዬን መልስ" ብላ ተቆጣች እንጂ እኔ ግን ያን ቀን ነው ይሄ ጨዋታ የገባኝ።

የእኛ ቡድን ይሄን ትምህርት በደም ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1985 ኳርተርባካችን ጆ ታይዝማን በጃያንትሱ ሎውረንስ ቴይለር ተይዞ እግሩ ተሰበረ፤ ዳግም አልተጫወተም። የዘወትር የግራ ታክላችን ጆ ጃኮቢ በዚያ ምሽት በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም ነበር። ልክ ከ33 ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2018፣ ሌላው ኳርተርባካችን አሌክስ ስሚዝ እንደዚሁ እግሩ ተሰበረ። ለብዙ ቀዶ ጥገና ተዳርጎ ነው የተረፈው። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወጣሁ።

በተቃራኒው ደግ ዘመናችንን እይ። አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ሦስት ሱፐር ቦውል፣ የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ፣ ያነሳው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው፦ ታይዝማን፣ ዳግ ዊሊያምስ፣ ማርክ ራይፒን። ኳርተርባኩ ሲቀያየር የቡድኑ ጉልበት መስመሩ ነበር። "ሆግስ" ይሏቸው ነበር። በ1991 የውድድር ዓመት ኳርተርባኮቻችን በመደበኛው ወቅት በሙሉ ኳሱን ሳይወረውሩ መሬት ላይ የተጣሉት 9 ጊዜ ብቻ ነው። በ2023 ኳርተርባካችን ሳም ሃውል ብቻውን 65 ጊዜ ተጥሏል። ልጁ እኮ ክንድ ነበረው። መቼ ቆሞ ይወርውር?

ጓደኞችህ ለምን ራኒንግ ባክ እንደሚሉ ይገባኛል። አብዛኛው ሰው ድራፍት ሲባል የሚያውቀው ፋንታሲ ላይ ነው፣ ተመልካቾች የራሳቸውን ቡድን በምናብ መርጠው በነጥብ የሚፎካከሩበት ጨዋታ። ፋንታሲ ላይ ነጥብ የሚያመጣው የሚሮጠውና የሚይዘው ነው። ታክል የሚባል ሰው እዚያ የለም። እውነተኛው ድራፍት ግን ሰባት ዙር ነው፣ 32 ቡድን ነው፣ በውጤት የመጨረሻው ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። በዓመት በመጀመሪያው ዙር የምታገኘው አንድ ተራ ነው፣ እሱም ካልሸጥከው።

ሌላው ነገር ብር ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋች የሚከፍለው ጣሪያ አለው። በድራፍት የመጣ ልጅ ደግሞ ደመወዙ በተመረጠበት ተራ የተወሰነ ነው፣ ለአራት ዓመት። ይሄ የመጣው በ2011 ነው። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 78 ሚሊዮን ዶላር ድረስ የሚሄድ የስድስት ዓመት ውል ፈረመ። በዓመቱ አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ነው ያገኘው። እንግዲህ አስበው፦ ጥሩ ታክል በገበያ ላይ ስትገዛ እሳት ነው። ጥሩ ራኒንግ ባክ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። በድራፍት ርካሽ የምታገኘውን ዕድል ውዱ ቦታ ላይ ነው ማዋል ያለብህ።

ራኒንግ ባኩን ሴይኳን ባርክሊን ውሰድ። በ2018 ጃያንትስ በ2ኛ ተራ መረጡት። ድንቅ ልጅ ነው፣ ማንም አይክደውም። ስድስት ዓመት እዚያ ሲሮጥ ቡድኑ ብዙም ከፍ አላለም፣ ምክንያቱም ከፊቱ መንገድ የሚከፍትለት አልነበረም። በ2024 ኢግልስ ገዙት። ከፊቱ ታክሎቹ ሌን ጆንሰንና ጆርዳን ማይላታ ቆሙለት። ማይላታ ከአውስትራሊያ የመጣ የራግቢ ተጫዋች ነበር፣ በሰባተኛው ዙር ነው የተገኘው። ባርክሊ በዚያ ዓመት 2,005 ያርድ ሮጦ ሱፐር ቦውል አነሳ። በመንገዱ ላይ እኛን 55 ለ 23 ጥለውን ነው ያለፉት። ባርክሊ የመጀመሪያውን ኳስ ነክቶ 60 ያርድ ሮጦ ሲያስቆጥር ገና ፈንዲሻዬን አልጀመርኩም ነበር። ደግሜ ሳየው ግን ዓይኔ የቀረው መስመሩ ላይ ነበር። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት።

አሁን የሚቃወሙኝን ሰዎች ጠንካራ ክርክር ልንገርህ፣ ምክንያቱም አለ። በኖቬምበር 2020 የሲንሲናቲው ኳርተርባክ ጆ ቡሮ እዚሁ ላንዶቨር ሜዳችን ላይ በእኛ ልጆች ተመትቶ ጉልበቱ ተበጠሰ። በቀጣዩ ድራፍት ሲንሲናቲ 5ኛ ተራ ነበረው። ፔኔ ሱዌል የሚባል ታክል ፊት ለፊታቸው ነበር። ሁሉም "በቃ ጠባቂ ይውሰዱ" አለ። እነሱ ጃማር ቼዝን፣ የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበለውን ሪሲቨር፣ የቡሮን የኮሌጅ ጓደኛ መረጡ። በዚያው ዓመት ሱፐር ቦውል ደረሱ። እኔ ያኔ ተሳስቻለሁ ብዬ አመንኩ።

ግን እንዴት እንዳለቀ ተመልከት። ቴነሲ ላይ ቡሮ 9 ጊዜ ተጥሎ እንደምንም አሸነፉ። በፍጻሜው ራምስ 7 ጊዜ ጣሉት። በመጨረሻው ዕድላቸው ላይ አሮን ዶናልድ ሰብሮ ገብቶ ያዘው፣ ኳሱ ዝም ብሎ ወደቀ። 23 ለ 20። ሱዌል ደግሞ ዲትሮይት ገብቶ ከሊጉ ምርጥ ታክሎች አንዱ ሆነ። ቼዝን መምረጣቸው ስህተት ነበር አልልም። ልዩ ሰው ነው። ግን ቡሮ ሁለት ሰከንድ ተጨማሪ ቢያገኝ ኖሮ ዋንጫው የማን ነበር? እኔ እስከ ዛሬ ይሄን እጠይቃለሁ።

መስመር ብቻውንም አያበቃም፣ ይሄንንም እኛ ቀምሰነዋል። ከ2017 እስከ 2020 በተከታታይ አራት የመከላከያ መስመር ልጆች በመጀመሪያው ዙር መረጥን፦ ጆናታን አለን፣ ዳሮን ፔይን፣ ሞንቴዝ ስዌት፣ ቼስ ያንግ። በወረቀት ላይ ግንብ ነበር። ኳርተርባክ ግን የለንም። በ2020 ምድባችንን በ7 ድልና 9 ሽንፈት አንደኛ ሆነን ጨረስን፣ ከዚያ ወዲያ ፎቀቅ አላልንም። በ2023 ስዌትና ያንግ ሁለቱም ተሸጡ። ስለዚህ ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ቢጠይቀኝ መልሴ ሌላ ነበር። ኳርተርባካችን ጄይደን ዳንኤልስ በ2024 በ2ኛ ተራ ከመጣ በኋላ ነው ጥያቄው የተቀየረው። በ2025 ታክሉን ላረሚ ተንሲልን በዝውውር አምጥተው፣ በ29ኛ ተራ ደግሞ ሌላ ታክል፣ ጆሽ ኮነርሊን፣ ሲመርጡ እልል ነው ያልኩት። ቤተሰቤ ምን ነካው ብሎ አየኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ታክል ያስፈልገናል ተብሎ 40ኛ መመረጥ የነበረበትን ልጅ በ10ኛ ተራ መውሰድ የለብንም። በድንጋጤ የተመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ አይሆንም። ተራችን ሲደርስ የሚገባው ታክል ከሌለ ኳርተርባክ አሳዳጁን፣ እሱም ከሌለ የተጋጣሚን ሪሲቨር የሚከላከለውን ኮርነርባክ። ሪሲቨር ቆይቶም ይገኛል፤ ቴሪ ማክሎሪን የመጣልን በሦስተኛው ዙር ነው። ራኒንግ ባክ ደግሞ በአራተኛም በአምስተኛም ዙር ፈልገህ አታጣም።

በሚቀጥለው ጨዋታ አንድ ነገር ሞክርልኝ። የመጀመሪያውን ኳርተር፣ ማለትም የጨዋታውን የመጀመሪያ ሩብ፣ በሙሉ ኳሱን እርሳው። ኳሱን ከያዘው ቡድን ከ50 እስከ 79 ቁጥር የለበሱትን ብቻ ተመልከት፣ በተለይ በግራ ጥግ ያለውን። እግሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ እጁን መቼ እንደሚሰነዝር እይ። ከዚያ በኋላም ራኒንግ ባክ ይቅደም የምትል ከሆነ ተመልሰህ ጻፍልኝ፣ እንከራከራለን።