በብሎክቼይን የሰፈረ ሁሉ እውነት ነውን?

ጥያቄ፦ በይርጋጨፌ አካባቢ በሚገኝ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሂሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። አንድ ድርጅት መዝገባችንን ወደ ብሎክቼይን ካዛወርን የቡናችን መነሻ ፈጽሞ ሊጭበረበር እንደማይችል ነግሮናል። እውነት ነውን? ደግሞስ ብሎክቼይን ማለት ብሔራዊ ባንክ የከለከለው ቢትኮይን አይደለምን?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕገወጥ መሆኑን ያስታወቀው በቢትኮይንና በመሰሎቹ ዲጂታል ገንዘቦች የሚፈጸመውን ግብይት ነው። ብሎክቼይን ግን ቅጂው በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል መዝገብ ነው። ቢትኮይን በብሎክቼይን ከሚሠሩ ነገሮች አንዱ እንጂ ራሱ ብሎክቼይን አይደለም፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼይን የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት ለመመዝገብ የሚያስችል ስምምነት ማድረጉ ይፋ ሆኖ ነበር።

ዋናው ጉዳይ የመጀመሪያው ነው። እያንዳንዱ የመዝገብ ክፍል፣ ማለትም ብሎክ፣ ከበፊቱ ብሎክ ይዘት በስሌት የሚወጣውን ሃሽ የተባለ መለያ ይይዛል፤ ስለዚህ ካለፈው መዝገብ አንዲት አኃዝ ብትቀየር ሃሹ ይለወጥና ከተከታዩ ብሎክ ጋር አልገጥም ይላል። ይህ ግን የሚያረጋግጠው የተጻፈው አለመነካቱን እንጂ ሲጻፍ እውነት እንደነበር አይደለም። ከሌላ ወረዳ በሌሊት የመጣ እሸት ቡና በመፈልፈያ ጣቢያው ተመዝኖ የአባል ገበሬ ቡና ተብሎ ቢመዘገብ፣ ብሎክቼይኑ ሐሰቱንም እንደ እውነቱ ሁሉ ጠብቆ ያኖረዋል። የቡናችሁን ስም የሚያስጠብቀው እንግዲህ ሚዛኑ ዘንድ የሚቆመው ሰውና እሱን የሚቆጣጠረው አሠራር ነው፤ ድርጅቱ ይህን ሳይነግራችሁ መቅረቱ በእጅጉ ያሳስበኛል።

“የማይቀየር” የሚለውም ገደብ አለው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን ላይ ይሠራ ከነበረው ዘ ዳኦ የተባለ ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር (የኢቴሪየም ዲጂታል ገንዘብ) በኮድ ስህተት ምክንያት ሲወሰድ፣ አብዛኞቹ የኔትወርኩ ተሳታፊዎች በሐምሌ ተስማምተው የመዝገቡን ሂሳብ በመቀየር ገንዘቡ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አድርገዋል፤ ያልተስማሙት ኢቴሪየም ክላሲክ በሚል ስም በነባሩ መዝገብ ቀጥለዋል። መዝገቡ የሚቀመጠው በዚሁ ድርጅት ጥቂት ኮምፒዩተሮች ላይ ብቻ ከሆነማ፣ ድርጅቱ ሃሾቹን እንደገና አስልቶ ሁሉንም መልሶ መጻፍ ይችላል።

ከመፈራረማችሁ በፊት ቅጂውን ከድርጅቱ ውጭ እነማን እንደሚይዙት፣ በስህተት የገባ ኪሎም እንዴት እንደሚታረም በጽሑፍ ጠይቁ። የገበሬዎቹ ስምና ስልክ ቁጥር ግን ለሁሉም ክፍት በሆነ ብሎክቼይን ላይ እንዳይሰፍር አደራ እላለሁ፤ በኋላ ይሰረዝልን ብትሉ የሚሰርዝላችሁ አይኖርም።