ለዓርማ ሠሪ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ታፔላ በብሩሽና በዘይት ቀለም ከሚጻፍበት ዘመን አንስቶ እንጀራዬ ፊደል ነው። ኮረል ድሮው የሚባለውን የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም የተማርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ አስተማሪዬም የልጄ ጓደኛ ነበር። ስለዚህ የፕሮግራም ብልሃት ከእኔ አትጠብቁ፤ እሱን እናንተ ታስተምሩኛላችሁ። እኔ የማጫውታችሁ በቅርቡ ስለሠራሁት አንድ ዓርማ ነው።

ደንበኛዬ ወጣት ነው። የድሮ ካሴት እየሰበሰበ ስለ መንዝ፣ ስለ ይፋትና ስለ ቡልጋ ዘፈን ይጽፋል። «ጋሼ፣ ለሥራዬ ዓርማ ይሥሩልኝ» ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ማይክሮፎን፣ የትሬብል ምልክት፣ ከበስተጀርባ ተራራ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። «ይህ የገበያ ዘንቢል ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ግን አልተዋጠለትም።

ደንበኛ ሁሉንም የሚጠይቀው ስለሚፈራ ነው። የተወው ነገር የሚቀርበት ይመስለዋል። እናንተ ደግሞ ገንዘቡን ስለምትፈልጉ «እሺ» ትላላችሁ። ቆይቶ ጥፋቱ የሚቆጠረው በእናንተ ላይ ነው።

የትሬብል ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምልክቱ በአውሮፓ ኖታ በአምስቱ መስመሮች ላይ የትኛው ድምፅ የት እንደሚቀመጥ የሚያመለክት ነው። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በጆሮው ለተማረ አዝማሪ ያ ጠምዛዛ መስመር ምኑ ነው? ልጁም ይህን ከነገርኩት በኋላ ራሱ ሰረዘው። ክራሩ ላይ ግን ተከራከረኝ፤ በስልኩ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት «ክራር ሣልልኝ» ብሎ የወጣለትን አሳየኝ። አውታሮቹን ስቆጥር ዘጠኝ ሆኑ። የክራር አውታር አምስት ወይም ስድስት ነው፤ ባለ አሥሩ በገና ነው። ዘጠኝ አውታር ያለውን ዕቃ ማን እንደሚቃኘው እንጃ።

ወረቀቱን አጠፍኩና ሻይ አዘዝኩ። «ሌላው ሰው የማይሠራውን አንተ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ጥያቄ ያዙት፤ «ምን ልሣልልህ?» ከማለት ይሻላል። ብዙ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «የዘፋኙን ስም ሁሉም ይጽፋል። እኔ ከኋላው ተቀምጦ ማሲንቆውን የመታው ማን እንደሆነ አፈላልጌ እጽፋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ክራርም፣ ማይክሮፎንም፣ ተራራም አላስፈለገንም።

የሥራው ስም በ«ተ» ይጀምራል። ፊደሉን በትልቁ ጽፌ ስመለከተው ቀጥ ያለ አንድ ምሰሶ፣ በላዩም አግድም የሚያልፍ አንድ መስመር ነው። ማሲንቆ ደግሞ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር አለው፤ በላዩ ደጋን ያልፍበታል። ፊደሉ ሥዕሉን ይዞ ኖሯል። እንዲህ ያለ ዕድል በዓመት አንዴም ላይገጥማችሁ ይችላል፤ ፊደሉን ሳታዩ ወደ ሥዕል ከሮጣችሁ ግን ቢገጥማችሁም ታልፉታላችሁ። የእኛ ፊደል ገና ሳይነካ ብዙ ነገር ይመስላል።

ልጁ ንድፉን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ መስቀል ነው እኮ። የመዝሙር ቤት ነው ይሉኛል።» እውነቱን ነው። በእኛ አገር መስቀል የመሰለ ነገር የዓለማዊ ዘፈን ሥራ ላይ ብትለጥፉ ምእመኑም ይቀየማል፣ ዘፋኙም ግራ ይጋባል። ለሦስት ቀን ተውኩት። በአራተኛው ቀን አግድሙን መስመር ወደ ቀኝ አስረዘምኩት፣ በትንሹ አዘነበልኩት፣ እንደ እውነተኛ ደጋን ጎበጥ አደረግሁት። መስቀሉ ጠፋ፣ «ተ» ቀረ።

አሁን ሁላችሁም የምትሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን። የብራና ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብርዕ ሲጽፉ ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ይወጣል፤ የግእዝ ፊደል ውበቱ እዚያ ነው። እኔም ደጋኑን እንደ ልማዱ አቅጥኜው ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። በስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ሲታይ ግን ደጋኑ የለም፤ ምሰሶ ብቻ። ስለዚህ ከልማዱ ወጥቼ አወፈርኩት። ውበቱ ትንሽ ተጎድቷል፤ አልክድም።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሆቴል ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ዓርማ ሠራሁ፤ ጨረሮቹ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ቀይ እየደበዘዘ የሚሄድ። ባለቤቱ ተደስቶ አቀፈኝ። በሳምንቱ ማህተም ቀራጩ ዘንድ ወሰደው። በአንድ ቀለም፣ በትንሽ ክብ ውስጥ፣ በስፖንጅ ላይ ተመቶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የፈሰሰ ቡና መሰለ። አዲሱን ዓርማም አዲሱን ማህተምም በራሴ ወጪ አሠራሁ። አገራችን ደረሰኝም፣ ደብዳቤም፣ ውልም ያለ ማህተም የማይንቀሳቀስበት አገር ናት፤ ስለዚህ የእኛ ሙያ ፈታኝ ያ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ ማህተም ቀራጭ ነው። ዓርማችሁን ደንበኛው ከማየቱ በፊት በጥቁር ብቻ አትማችሁ ለእሱ አሳዩት።

ሁለተኛ ፈታኝ ደግሞ ጣርማ በር ነው። ጉሙ በወረደ ጊዜ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ዋሻው አፍ ላይ ያሉትን የመንገድ ዳር ሰሌዳዎች ተመልከቱ። የትኛው ተነበበ? ጥቂት ቃልና ወፍራም ፊደል ያለው። ብሩሽ ይዤ በነበረ ጊዜ ይህን ለማየት ብዬ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄጃለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ከእኛው ከአንኮበር የተወለዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል ሠርተዋል። ያው እጅ የፖስታ ቴምብርም ነድፏል። ዓርማ ሠሪ ሁለቱንም መጠን በአንድ ጊዜ ማሰብ አለበት፤ የሕንፃ ግድግዳና የቴምብር ጥግ። ለዚህ ነው ሥራውን በቬክተር፣ ማለትም የቱንም ያህል ቢለጠጥ በማይበላሽ የመስመር ሥዕል፣ ሠርታችሁ የምታስረክቡት፤ በፎቶሾፕ በነጠብጣብ የተሠራ ዓርማ ታፔላ ላይ ሲለጠጥ ጠርዙ እንደ መጋዝ ይሆናል። የኮምፒውተር ፊደልም (ፎንት) ከሰው ኮምፒውተር አትቅዱ። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ የተፈቀዱ ናቸው፤ እነሱን መነሻ አድርጋችሁ በእጃችሁ አስተካክሉ።

በቀለሙ ብዙ አልተጨቃጨቅንም። ሦስቱን ቀለማት ከተማው ውስጥ በየሁለት ሱቁ ታያላችሁ፤ ማንም ማንንም አይለይበትም። ልጁ የመንዝ ሰው ስለሆነ የአያቱን ባና፣ ያን ከበግ ጸጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ አስታወስኩት፤ ያ ጥቁር ቡናማ የበግ ጸጉር ቀለም ዓርማው ሆነ።

ስለ ገንዘብ ሽማግሌ ሲናገር ደስ አይልም፣ ግን ልናገር። ሳትጀምሩ ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ እኔ ሦስት ጊዜ እላለሁ። ዓርማው ሲጠናቀቅ መብቱ የማን እንደሚሆን እዚያው ላይ ይስፈር፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ደንበኛችሁ ሥራው ከሰፋ በንግድ ምልክትነት እንዲያስመዘግበው ንገሩት፤ ለዚህ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። ዘመድ ነው፣ የአገር ልጅ ነው ብላችሁ ያለ ወረቀት የጀመራችሁት ሥራ ዝምድናውንም ይበላዋል።

ዓርማው አልቆ ልጁ ካሴት ፍለጋ ወደ መሐል ሜዳ በሄደ ጊዜ ለአንድ አዝማሪ አሳየው። አዝማሪው ወረቀቱን ዘቅዝቆም አቅንቶም ካየው በኋላ «ማሲንቆ ነው፤ ግን ደጋኑ ከፍ ብሏል፤ እዚያ ላይ ጣት ነው የሚቀመጠው» አለ። ልጁ ከዚያው ደወለልኝ። ዝቅ ላደርገው ሞከርኩ፤ በጣም ሲወርድ ፊደሉ የመደመር ምልክት ይሆናል። በመጨረሻ ከምሰሶው አንድ አሥረኛውን ያህል አወረድኩት። «ተ» አልጠፋም፣ ማህተም ቀራጩም አለፈው። አዝማሪው ግን ለገበያ ወደ ከተማ በመጣ ቁጥር በሱቄ በር ብቅ ይልና፣ እጁን አንስቶ ደጋን የሚይዝበትን ቦታ እያሳየኝ ያልፋል።