በግሪን ካርዴ ላይ ወንድ ነበርኩ

1. ወገኖቼ፣ ካርዳችሁ በፖስታ የመጣ ዕለት ፊደል በፊደል አንብቡት። ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ። እንደ ደስታ፣ እንደ በረከት ያለ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ያላችሁ ጾታውን ሁለቴ እዩት። እኔ ደስታ ነኝ፤ ግሪን ካርዴ ላይ «ኤም» ተብሎ፣ ወንድ ሆኜ መጣሁ። ሳላየው አራት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

2. ስህተቱ የአሜሪካው ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከሆነ አይ-90 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ ከካርዱና ከማስረጃው ጋር ትልካላችሁ፤ አያስከፍልም። ስትሞሉ የተሳሳታችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ትከፍላላችሁ። የዜግነት ሰርተፍኬት ላይ ከሆነ ፎርሙ ኤን-565 ነው። የልደት ሰርተፍኬታችሁ ራሱ ከተሳሳተ ኤምባሲ ሄዳችሁ አገር ቤት ላለ ሰው ውክልና ስጡና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

3. ደብዳቤ ለልጅ አታስነብቡ! እንግሊዝኛው ከበዳችሁ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ አያሳፍርም። እኔ አፍሬ የዘጠኝ ዓመት ልጄን አስነበብኳት። ሥራ ያመለከትኩበት ቦታ ወረቀቶችሽ አይገጥሙም ብሎ የላከውን ደብዳቤ ወጥ ቤት ቆማ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና «ማሚ፣ አንተ ወንድ ነህ ይላል» አለችኝ።

እኔ የሰማሁት «ወንድ» የሚለውን ነው። «አንተ» ማለቷን ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩት። ለአንዲት ፊደል ስንት ወር ስልክ ደወልኩ፣ ስንት ቀን ከሥራ ቀረሁ! የልጄን አፍ ለማረም ግን ማታ አሥር ደቂቃ አልሰጠሁም። ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ ደክሞኝ ነበር። እናንተም ይህንኑ ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ።

አያቷን በስልክ «ደህና ነህ?» ስትላት እናቴ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። እየቆየ ሁለቱም የሚሉት አጡ፤ «ሃይ»፣ «ባይ»፣ ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ። በየወሩ ብር ልኬላታለሁ፤ የልጅ ልጇን ወሬ ግን ነፈግኳት።

ልጆቻችሁ ሲሳሳቱ አትሳቁ፣ አርሟቸው። እነሱ በእንግሊዝኛ ቢመልሱም እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። ከአያታቸው ጋር ሲያወሩ ስልኩን አትንጠቋቸው፤ ይንተባተቡ፣ ይፈልጉት፣ ያገኙታል።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ለቀስተኛው እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት፣ ምን ብላ እንደምትመልስ ጠፍቷት ዞር እያለች ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።